የጠቆረውን ድስት አይጣሉት

ከምድጃ ዳር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሁሉም ስለዚያ ቀይ ሆኖ ስለሚፍመው የጋዝ ምድጃ ነው። ሌሎቹን ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ዛሬ በእነዚህ ብቻ እንጨዋወት።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ለፋሲካ አዲስ የጋዝ ምድጃ ገዛችልኝ። ላዩ መስታወት ነው። እሳቱ እንደ ድሮው ሰማያዊ አይደለም፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሴራሚክ ላይ ቀይ ሆኖ ይፍማል። ደስ ብሎኝ አብረውት የሚሄዱ የስቲል ድስቶች ገዛሁ፣ ፊት የሚያሳዩ። ግን ውኃ ሳፈላ ይዘገይብኛል። አንድ ቀን ልጥለው ያወጣሁትን አሮጌ ድስቴን፣ ታቹ በእንጨት እሳት የጠቆረውን፣ ብጥደው ቶሎ ፈላ። የልጄ ባል «ምድጃው ተበላሽቷል፣ እንመልሰው» ይላል። እኔ ደግሞ «ድስቱ ነው» እላለሁ። ማናችን ነን ልክ? (ወ/ሮ ት.፣ ከሰሚት)

መልስ፦ እርስዎ ነዎት ልክ፣ እህቴ። ምድጃው ደህና ነው። ድስቶቹም ደህና ናቸው። እርስ በርስ አልተስማሙም እንጂ።

ነገሩን ለመረዳት ከሰል ያቀጣጠሉበትን አንድ ምሽት ያስታውሱ። ነበልባሉ አልፎ ፍሙ ብቻ ቀርቷል። ጭስ የለም፣ የሚንቦገቦግ ነገር የለም። ግን አጠገቡ ሲቀመጡ ፊትዎን ይለበልብዎታል፣ ጀርባዎን ደግሞ ይበርድዎታል። መሐል ሰው ገብቶ ቢቀመጥ ሙቀቱ ወዲያው ይቋረጣል። ያን ሙቀት ያመጣው አየር አይደለም። ትኩስ አየርማ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ልክ እንደ ብርሃን ከፍሙ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ፊትዎ ላይ ያረፈ ጨረር ነው። ዓይናችን ስለማያየው ነው የምንረሳው።

ኢንፍራሬድ የሚባለው ይኸው ነው፤ በመማሪያ መጽሐፍ አማርኛ ታህተ ቀይ ጨረር። እ.ኤ.አ. በ1800 እንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞ ሜትር ያስቀምጥ ነበር። ከቀዩ ቀለም አልፎ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞ ሜትር ከሁሉም በላይ ሞቀ። ከቀይ በታች ያለ፣ የማይታይ ጨረር አለ ማለት ነው። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

የእርስዎ አዲስ ምድጃ እንግዲህ ፍም ነው። ጋዙና አየሩ ቀድመው ተደባልቀው በእነዚያ የመርፌ ቀዳዳ በሚያህሉ ቀዳዳዎች ይወጣሉ። የሚነዱት እዚያው ሴራሚኩ ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ራሱ ሴራሚኩ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ግሎ ይፍማል። ከጋዙ ኃይል ሩቡ ወይም ሲሶው፣ በጥሩዎቹ ምድጃዎች ላይ ከዚያም የሚበልጠው፣ ጨረር ሆኖ ወደ ድስቱ ይወረወራል። የቀረው ትኩስ ጋዝ ሆኖ ይነሳል።

የድሮው ሰማያዊ ነበልባል ሥራው ሌላ ነው። ድስቱን የሚያሞቀው በአብዛኛው እየላሰው ነው። ትኩሱ ጋዝ ታቹን ነክቶ፣ ጎኑን ታክኮ ይወጣል። ትኩስ ጋዝ ደግሞ ቀለም አይመርጥም። በዚያ ምድጃ ላይ የሚያብረቀርቀውና የጠቆረው ድስት ያን ያህል የማይበላለጡት ለዚህ ነው። እርስዎም እስከ ዛሬ ልዩነቱን ሳያዩት የኖሩት ለዚህ ነው።

ጨረር ግን ይመርጣል። መስታወት የመሰለ ብረት ብርሃኑን እንደሚመልስ ሁሉ ታህተ ቀዩንም ይመልሰዋል። እነዚያ የእርስዎን ፊት የሚያሳዩ ድስቶች ለፍሙም ፊቱን ያሳዩታል።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ አጥርቶ ያሳየው ስኮትላንዳዊው ጆን ሌስሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 ባሳተመው ሥራው አንድ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ዕቃ ይዞ ቀረበ። አንዱን ጎኑን ጥላሸት ቀባው። አንዱን ወልውሎ ተወው። የቀሩትንም በሌላ በሌላ ሸፈናቸው። ከዚያ የፈላ ውኃ ሞላው። ውኃው አንድ ነው፣ ሙቀቱም አንድ ነው። ግን ጥላሸት የተቀባው ጎን የሚለቀው ጨረር ከተወለወለው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ኪርኮፍ የነገሩን ሌላ ግማሽ ሞላው፤ ጨረር በደንብ የሚለቅ ገጽ በደንብ ይቀበላልም።

እኔ ይህን ለ27 ዓመት አስተምሬዋለሁ። ትምህርት ቤታችን የሌስሊ ዕቃ አልነበረውም። በምትኩ ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ እይዝ ነበር። አንዱን ኩራዝ ላይ አጨሰዋለሁ። ኩራዝን የሚያህል ጥላሸት ሰሪ የለም። ሌላውን በአሸዋ ፈግፍጌ አብረቀርቀዋለሁ። ሁለቱንም የፈላ ውኃ ሞልቼ «ጉንጫችሁን አስጠጉ፣ ግን እንዳትነኩ» እላለሁ። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው የትኛው ጥቁሩ እንደሆነ ያውቁት ነበር። ያንን ክፍል እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

አሁን ትንሽ ቁጥር ላስገባ። 900 ዲግሪ የደረሰ ሴራሚክ ከእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ወደ 10 ዋት ገደማ በጨረር መልቀቅ ይችላል። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 14 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በድምሩ 1,500 ዋት ያህል ይመጣል። አንድ ደህና የኤሌክትሪክ ምድጃ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ወደ ድስትዎ ታች ይወረወራል። የተወለወለ አሉሚኒየም ከዚያ ላይ ከመቶ አሥሩን እንኳ አይቀበልም። የተወለወለ ስቲል ከአሥር እስከ ሃያ ቢሆን ነው። ሸክላና ኢናሜል ወደ ዘጠና ይጠጋሉ። ጥላሸት ዘጠና አምስቱን ይውጠዋል።

«ድስቱስ በተራው ጨረር አይለቅም ወይ?» የሚል ብልህ አንባቢ ይኖራል። ይለቃል። ግን ውኃ እስካለበት ድረስ የድስቱ ታች ከውኃው ብዙም አይርቅም። አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ድስቱ የሚለቀው ፍሙ ከሚለቀው መቶኛውን ያህል ነው። ከቁም ነገር አይገባም።

ይህን ስል ጥቁሩ ድስት አሥር እጥፍ ይፈጥናል ማለቴ አይደለም። ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ትኩሱ ጋዝ ሁለቱንም እኩል ያሞቃል። ሁለተኛ፣ ከሚያብረቀርቀው ድስት የተመለሰው ጨረር ሁሉም አይባክንም። ሴራሚኩ ተቀብሎ፣ ራሱ ይበልጥ ግሎ፣ እንደገና ይወረውረዋል። ይህ መመላለስ ግን ለሴራሚኩ ጥሩ አይደለም። እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ዝም ብዬ ከመጽሐፍ መመለስ አልፈለግሁም። ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ትንንሽ የአሉሚኒየም ድስቶች ነበሩን። አንዱን በሽቦ ፈገፈግሁት። ሌላውን የጥንቱን ኩራዝ አውጥቼ ታቹን አጨስሁት። ምድጃውን አስቀድሜ አሞቅሁ። ሁለት ሁለት ሊትር ውኃ፣ ከአንድ ባልዲ፣ ክዳን ተከድኖ፣ ተራ በተራ። የልጅ ልጄ በስልኳ ሰዓት ያዘች። ጥቁሩ ቀደመ። ተራውን ቀይረን ደገምነው፣ አሁንም ጥቁሩ ቀደመ። ልዩነቱ ረከቦቱን አቅርቦ ስኒ ለመደርደር የሚበቃ ነበር። ከዚያ በአሮጌው ሰማያዊ ምድጃችን ላይ ሞከርነው። እዚያ የትኛው እንደቀደመ ለመናገር ልጅቷ ስልኳን ሁለት ጊዜ ማየት ነበረባት። ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የነገረኝ ያ ሁለተኛው ሙከራ ነው። ጥቁረቱ ዋጋ የሚያወጣው ፍም ላይ ነው።

እንግዲህ አሮጌውን ድስት ወደ ቤት ይመልሱት። ታቹን አይፈግፍጉት። አውቃለሁ፣ ከባድ ምክር ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ድስቶቿን በአመድና በሎሚ ፈግፍጋ ግድግዳ ላይ ስትሰቅላቸው ከሩቅ ያበሩ ነበር። የጠቆረ ድስት ያላት ሴት እንደ ሰነፍ ትታይ ነበር። ቋንቋችን እንኳ ሰው ሲያማ «ጥላሸት ቀባው» ይላል። ግን እናቴም ቢሆን የምታበስልበትን ድስት ታቹን አትነካውም ነበር። የምትፈገፍገው ጎኑንና የውስጡን ነው። «ቂጡ ይቅር፣ እሳቱ ያውቀዋል» ትል ነበር። ፊዚክስ አልተማረችም። በእንጨትና በፍም ስታበስል ኖራ ያወቀችው ነው።

ጎኑን መፈግፈጓም ልክ ነበር። የድስቱ ጎን ፍሙን አያይም፣ የሚያየው ቀዝቃዛውን ማድ ቤት ነው። የሚያብረቀርቅ ጎን ሙቀቱን በቀላሉ አይለቅም። ታቹ ጥቁር፣ ጎኑ ብሩህ። ለእርስዎ ምድጃ ከዚህ የተሻለ ድስት የለም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ጥላሸት ሌላ፣ ጥቀርሻ ሌላ። ስስ ሆኖ ብረቱ ላይ የተጣበቀ ጥቁረት ጨረሩን ውጦ ወዲያው ለብረቱ ያቀብላል። ተከማችቶ የተላጠ ጥቀርሻ ግን ሙቀት አያሳልፍም። አንድ ሚሊ ሜትር ጥቀርሻ የሙቀትን መንገድ ሲዘጋ አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ስቲል ይብሳል። ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ያድርጉት። የሚረግፈው ይርገፍ። የቀረው ነው የሚፈለገው።

አዲሶቹን የስቲል ድስቶችም አይጣሉ። ለሰማያዊው ምድጃ ጥሩ ናቸው። በፍሙም ላይ ያበስላሉ፣ ትንሽ ይዘገያሉ እንጂ። ታቻቸው ቡናማ ወይም ሰማያዊ እየሆነ ቢመጣ አይደንግጡ። ብረቱ በሙቀት ያወጣው ስስ ቆዳ ነው፣ ምግቡን አይነካም። ለእሱ ብለው ሽቦ አያንሱ፣ ስፖንጅና ሳሙና ይበቃል። ደግሞ ልብ ብለው ከሆነ፣ በሰማያዊው እሳት ሽሮ ሲያርር ቀለበት ሠርቶ ነው የሚያርረው። ነበልባሉ በቀለበት ስለሚወጣ ነው። ፍሙ ግን ከመሐል እስከ ዳር እኩል ይመታል። ስቲል ሙቀት የማዳረስ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ይህ ይጠቅመዋል። አማችዎ ምድጃውን ለመመለስ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሽሮ ይሥሩበት።

ጥያቄ፦ ሻይ ቤት አለኝ። ሁለት ኢንፍራሬድ የጋዝ ምድጃ ገዝቼ ቀኑን ሙሉ አራት የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ አፈራርቅባቸዋለሁ። አንድ ወዳጄ «ታቻቸውን ጥቁር ቀለም ቀባቸው፣ ጋዝ ትቆጥባለህ» አለኝ። ልቀባ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሐሳቡ ልክ ነው፣ መንገዱ አይደለም፣ ወንድሜ።

ለበርና ለመስኮት የሚሆን ተራ ዘይት ቀለም ፍም ላይ ይቃጠላል። ይሸታል፣ ይጨሳል፣ ያም ጭስ የሚገባው አንተና ደንበኞችህ አፍንጫ ውስጥ ነው። ለምድጃና ለጭስ ማውጫ ተብሎ የሚሠራ፣ ሙቀት የሚችል ቀለም አለ። እሱም ቢሆን ማንቆርቆሪያው ብረቱ ላይ ሲንፏቀቅ ይላጣል። ምግብና መጠጥ በሚሠራበት ቤት የሚረግፍ ቀለም አልፈልግም። በኩራዝ ማጨስም ለሙከራ እንጂ ለሻይ ቤት አይሆንም። እጅህ ላይ፣ ከእጅህ ስኒው ላይ፣ ከስኒው የሰው ሸሚዝ ላይ ይሄዳል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የእንጨት ምድጃ ካለህ ማንቆርቆሪያዎቹን ለጥቂት ቀን እዚያ አፍላባቸው። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጋቸው። የማይለቀው ጥቁረት ይቀራል። አሮጌ ሲያረጁና አዲስ ስትገዛ ደግሞ ጠቆር ያለ ግራጫ አሉሚኒየም ፈልግ። ያ ቀለም የተቀባ አይደለም። በኤሌክትሪክ ኃይል ከራሱ ከአሉሚኒየሙ እንዲበቅል የተደረገ ጠንካራ ቆዳ ነው፣ ታህተ ቀይን በደንብ ይቀበላል። ኢናሜል ማንቆርቆሪያም ጥሩ ነው። እኛ ቤት የነበረችው ሰማያዊ ነበረች። ኢናሜል ብረት ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ነው። ፈዛዛ ቀለም ያለው እንኳ ዓይን ከሚገምተው በላይ ይቀበላል። ታህተ ቀይ የሚያየው እኛ የምናየውን አይደለም።

የታቹ ስፋትም ይቆጠራል። ጨረር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ማንቆርቆሪያው ከፍሙ ካነሰ፣ አልፎ የሚሄደው ጨረር የሚያሞቀው ጣሪያህን ነው። ፍሙን ልክ ሸፍኖ ትንሽ የሚያልፍ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የማንቆርቆሪያዎቹን ውስጥ ተመልከት። ቀኑን ሙሉ በሚፈላበት ዕቃ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ውጭውን አጥቁረህ የተቀበልከውን ሙቀት ያ ቅርፊት ውስጥ በር ላይ ይይዝብሃል። ውኃና አቼቶ አድርገህ አፍላበትና አሳድረው፣ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት የገዛሁት ባለ ሴራሚክ ጋዝ ምድጃ አዳዲስ ድስቶቼን በሁለት ሳምንት አጠቆረብኝ። ጎረቤቴ «ጥሩ ነው፣ ጥቁር ድስት ቶሎ ያበስላል» አለችኝ። እሳቱም እንደ ድሮው አይቀላም፣ ጫፉ ቢጫ ነው። ልተወው? (ኤም.፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አትተዪው፣ ልጄ። ይህን ዛሬውኑ እንድታነቢው ነው የምፈልገው።

የጠቆረ ድስት ጥሩ ነው። የሚያጠቁር ምድጃ ግን ታሟል። ደህና የሆነ ኢንፍራሬድ ምድጃ ጥላሸት አያወጣም። ጋዙ ከበቂ አየር ጋር ተደባልቆ ስለሚነድ ንጹሕ ነው። ድስትሽን ካጠቆረ ጋዙ አየር አንሶት በግማሽ እየነደደ ነው። በግማሽ የነደደ ጋዝ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። በሲሊንደር ጋዝ ውስጥ የምትሸቺው ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው፣ ጋዙ ሲያፈስ እንድናውቅ። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን የሚያስታውቅልሽ ምንም ሽታ የለም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማሽ ወዲያው ከቤት ውጪ። ምድጃው እስኪታይ ድረስ በእሱ አታብስዪ።

አየር ለምን ያንሰዋል? አንዱ ምክንያት የምትኖሪበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚያ አየሩ ስስ ነው፣ ከባሕር ዳርቻ አገር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይጎድላል፣ ትንሽም ይበልጣል። ለቆላና ለባሕር ጠረፍ ከተሞች ተስተካክሎ የተሠራ ምድጃ ደጋ ሲወጣ አየር ያጥረዋል። ሰማያዊው ነበልባል የጎደለውን ከዙሪያው ይለቅማል። ሴራሚኩ ግን አየሩን በሙሉ ቀድሞ ከታች ነው የሚስበው። ብዙዎቹ ምድጃዎች ከሥር፣ ጋዙ ከሚገባበት አጠገብ፣ የሚዞር የአየር በር አላቸው። ሠሪው እሱን ከፈት ያድርገው። ሬጉሌተሩንም ይመልከተው። እሳቱ ድሮ ይቀላ ነበር ብለሻልና፣ አቧራ ወይም የሸረሪት ድር የአየሩን መንገድ ዘግቶት እንደሆነም ይፈትሽ።

ሁለተኛው ምክንያት ሴራሚኩ ራሱ ነው። በእኔ ቤት የሆነውን ልንገርሽ። አንድ ቀን ሽሮ ገነፈለና የጋለው ሴራሚክ ላይ ፈሰሰ። ጠረግሁትና ረሳሁት። ከሳምንታት በኋላ ለዝክር ሰፊ ድስት ጣድንበት። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ምድጃውን ጥርቅም አድርጎ የሸፈነ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ቡፍ!» የሚል ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ ከምድጃው ሆድ ውስጥ እንደ ፕሪመስ የሚጮህ ነገር። እሳቱ ከሴራሚኩ ላይ ጠፍቶ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ባለቤቴ ናት ሮጣ ሲሊንደሩን የዘጋችው። ሠሪው ፈቶ ሲያሳየኝ ሴራሚኩ ከዳር እስከ መሐል ፀጉር በምታህል መስመር ተሰንጥቋል። ሽሮው የፈሰሰበት ቦታ ነው።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህንን ነው። የሚያብረቀርቅ ታች ያለው ሰፊ ድስት ጨረሩን ወደ ሴራሚኩ ይመልሳል። ትኩሱ ጋዝም መውጫ ያጣል። ሴራሚኩ ከልኩ በላይ ይግልና ከሥሩ ያለው ድብልቅ ቀድሞ ይቀጣጠላል። ስንጥቅ ካለበት ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ ሴራሚክ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። ቀይ ሆኖ ሲፍም እርጥብ ጨርቅም አታስነኪው። ምድጃውን የሚያክል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ድስት ይበቃዋል፣ ለድግስ የሚሆነው ሰፊ ድስት ለሌላ እሳት ነው። እሳቱ ወደ ውስጥ ከገባ ሲሊንደሩን ዝጊ፣ ምድጃው እስኪበርድ ጠብቂ፣ ከዚያ በፊት ክብሪት አትጫሪ።

ለጎረቤትሽም ይህንን አንብቢላት። ስለ ድስቱ ያለችው እውነት ነው። መኝታ ቤትሽ ከማድ ቤቱ ጋር ከተያያዘ መስኮቱን ሳትከፍቺ አታድሪ።

ጥያቄ፦ የሸክላ ጀበናዬን በዚህ በሚፍመው ምድጃ ላይ ጣድኩና በሦስተኛው ቀን ተሰነጠቀ። በከሰል ላይ ግን ዓመታት ቆይታለች። ሸክላ ሙቀት አይቀበልም ማለት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ሸክላ በጣም ስለሚቀበል ነው የተሰነጠቀችብዎት።

ከላይ እንዳልኩት ሸክላ ከሚያርፍበት ጨረር ዘጠና በመቶውን ያህል ይውጣል። የጀበና ጥቁር ገጽ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ችግሩ የዋጠውን ማዳረስ አለመቻሉ ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከሸክላ በመቶዎች እጥፍ ፈጥኖ ያስተላልፋል። በሸክላ ግን ታቹ ሲግል ጎኑ ገና ቀዝቃዛ ነው። የጋለው ሊሰፋ ይፈልጋል፣ የቀዘቀዘው አይለቀውም። በመሐል ይሰነጠቃል። ሸክላው እርጥበት ጠጥቶ ከነበረ ውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይገፋዋል፣ ነገሩ ይብሳል።

ከሰሉ ለምን አልሰነጠቃትም? ከሰል በአንድ ጊዜ አይግልም። ቀስ እያለ ይቀጣጠላል፣ አመድ ይለብሳል፣ አመዱም ጨረሩን ያለዝበዋል። ጀበናዋ ከፍሙ ጋር አብራ ትሞቅ ነበር። የጋዝ ፍም ግን በደቂቃ ውስጥ ከ800 ዲግሪ ያልፋል።

አዲሷን ጀበና ሲገዙ መጀመሪያ ያሟሿት። በከሰል ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በጋዙ ላይ ሲጥዱ ውኃ ሳይኖርባት እንዳትጥዱ። እሳቱን ከትንሹ ይጀምሩ፣ ጀበናዋ ጎኗ ለእጅ ለብ እስኪል ይጠብቁ፣ ከዚያ ነው ከፍ የሚያደርጉት። በሙቅ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይጨምሩ። ከፍሙ በሁለት ጣት ያህል ከፍ የሚያደርጋት ባለ እግር ብረት ካገኙም ጥሩ ነው። አንዳንዶች ለማለዘብ ብለው ድፍን የብረት ሳህን በመሐል ያስገባሉ። ያንን አይሞክሩት፣ ሴራሚኩን ያፍነዋል።

ጀበና ታቿ ክብና ጠባብ ስለሆነ ከጨረሩ ብዙው በጎኗ ያልፋል፣ ስለዚህ ቡናው ከጠበቁት በላይ ይዘገይ ይሆናል። ለመፋጠን ብለው እሳቱን አይልቀቁት። ሊገነፍል ሲቃረብም አጠገቧ ይሁኑና ቶሎ ያውርዷት። ያ ቡና ሴራሚኩ ላይ መፍሰስ የለበትም።